ስምንተኛዋ የጎማ ቁራጭ

ልጅ እያለሁ ከጅብም ከመብረቅም አብልጬ የምፈራው ዝም ያለ ሰንሰለት ነበር። እኩዮቼ የሚፈሩት ሌላ ነው፤ የጨለመ ጓዳ፣ የጎረቤት ውሻ፣ የየኔታ አለንጋ። የእኔ ፍርሃት ግን የተወለደበት ቦታ አለው። የተወለደው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባቴ የጭነት ማኪና ጋቢና ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። መንገዱ ገና አስፋልት አላየም፤ ኮረኮንች ነው። አባቴ ታከለ የሰው ማኪና ይነዳ ነበር፤ ጎንና ጎኑ ክፍት፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ብረት የሚጫንበት ማኪና። ማታ ቤት ሲገባ ናፍጣና ግራሶ ይሸታል፤ እኔ ግን ያንን ሽታ ከሽቶ አስበልጠው ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በመሆኔ ታናናሾቼን አዝያለሁ፣ ውኃ ቀድቻለሁ። ፊደል የለየሁት ከስንዴ ጆንያ ላይና ከማኪና በር ላይ ነው። የማነበው ስላልነበረኝ ያገኘሁትን ሁሉ እቆጥርና እለካ ነበር። ከቤታችን እስከ ቦኖው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በአጥራችን ላይ ስንት እንጨት እንዳለ ዛሬም ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ብረት መጫን እህል እንደ መጫን አይደለም። አባቴ “እህል ሰነፍ ነው፣ ከጣሉት ይተኛል፤ ብረት ግን መንገደኛ ነው፣ ካልያዙት ይሄዳል” ይል ነበር። አሳሪው ጋሼ ሰይድ ነበር፤ ከጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ ግን ሱቅ መቀመጥ ያልሆነለት፣ ክንደ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው። አባቴና እሱ ወንድማማች ይመስላሉ። ረቡዕና ዓርብ ጋሼ ሰይድ ከአባቴ ጋር ሽሮ እየበላ “ታከለ፣ ያንተ ጾም እኔን አከሳኝ” እያለ ያሾፍበታል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ አባቴ ቀን ቀን ከእሱ ፊት ውኃ እንኳ አይጠጣም።

አስተሳሰራቸውን ደጅ ሆኜ ስመለከት ነው ያደግሁት። መጀመሪያ ሰንሰለቱ በብረቱ ላይ ይጋደማል። ቀጥሎ ሰንሰለቱ በሚታጠፍበት በእያንዳንዱ ማዕዘን ከስሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ፣ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይገባል። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታላ! ጎማው ግን ሰንሰለቱንም ብረቱንም ነክሶ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው ረጅም ቱቦ በማጥበቂያው እጀታ ላይ አጥልቀው ሁለቱም ተንጠልጥለው የሚያጠብቁት። መጨረሻ ላይ አባቴ በአጭር ዘንግ ሰንሰለቶቹን አንድ በአንድ እየመታ ያዳምጣል። የጠበቀ ሰንሰለት ይጮሃል፤ የላላ ሰንሰለት ዝም ይላል። ይህን አንዴ እቤት፣ አንዴ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሞ ያደርገዋል። “ብረት እስከ አምባ ጊዮርጊስ አይቀመጥም” ይል ነበር። እስከዚያ ያለው ዳገትና ጉድጓድ እያንገጫገጨ ያላላዋል፤ እዚያ ደግሞ ካጠበቁት በኋላ ነው ብረቱ ቦታውን አውቆ የሚቀመጠው።

ያን ጊዜ እናቴ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። አክስቴ ከደባርቅ መጥታ ልታርሳት፣ እኔ ደግሞ በፈንታዋ ደባርቅ ሄጄ ልጆቿን ልጠብቅ ተባለ። አባቴ ከሊማሊሞ ወዲያ ለሚሠራ ድልድይ ረጃጅም ብረት ሊያደርስ ስለነበር ከእሱ ጋር እንድሄድ ተወሰነ። ደስታዬና ስጋቴ እኩል ነበሩ። ደባርቅ የማውቃት ልጅ የለችም፤ ማን ያጫውተኛል? የሰፈራችን ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት በጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ሲወረውሩት እየተንሸራተተ መስመር ያልፋል። አንዲት ጎረቤታችን ግን የጎማ ቁራጭ ነበራት፤ ጎማ ዱብ ብሎ ከወደቀበት ንቅንቅ አይልም። እሷን ያሸነፈ ልጅ አልነበረም። ጎማ ይዤ ደባርቅ ብገባ እንግድነቴ በአንድ ቀን እንደሚቀር ገባኝ።

ጠዋት አዘዞ፣ ደጃችን ላይ፣ ሰንሰለቱ ተጋድሞ፣ ጎማዎቹ ገብተው፣ ገና ሳይጠበቅ እናቴ ለቁርስ ጠራቻቸው። አባቴ ሲገባ “ስንዱ፣ ልጆች እንዳይነኩት ጠብቂ” አለኝ። ጠባቂዋ እኔ ነበርሁ። አራት ሰንሰለት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ጎማ፣ ስምንት። ከሁሉም ብረቶች በላይ ለብቻዋ የተጫነች አንዲት አጠር ያለች ብረት ነበረች፤ እሷን የሚይዟት ከበታቿ እስካሉት ድረስ የሚወርድ አንድ ሰንሰለትና ከኋላ አንድ ሰፊ ቀበቶ ናቸው። በዚያ ሰንሰለት ስር፣ ማዶ በኩል ያለችው ጎማ ጠርዟ የተስተካከለ፣ ሸጋ ነበረች። ከስምንት አንድ ብትጎድል ምን ይሆናል ብዬ መዘዝኋትና ቀሚሴ ኪስ ከተትኋት።

ወጥተው አጠበቁ። አባቴ ዘንጉን አንስቶ መታ። ሦስቱ ሰንሰለቶች እንደ ልማዳቸው ጮኹ። የላይኛው ግን ከሁሉም ጠርቶ፣ እንደ ደወል ጮኸ። አባቴ ፈገግ ብሎ “ሸጋ!” አለ። ከበታቹ ጎማ ስለሌለ፣ ብረት ባዶ ብረት ላይ ስለተወጠረ እንደዚያ እንደጮኸ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ግን ጎማዋ ትርፍ የነበረች መሰለኝና ቀለል አለኝ።

ጎንደርን አቋርጠን ከከተማው ስንወጣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ኩታቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው ለብሰዋል፤ ለቅሶ እንዳለባቸው ማንም ያውቃል። አያ ወርቁ ይባላሉ። እህታቸው ዳባት ላይ ሌሊት አርፋ ኖሯል፣ የጠዋቱ አውቶቡስ አምልጧቸዋል። አባቴ ቃል ሳይጨምር በሩን ከፈተላቸው። እሳቸው በር በኩል፣ ጋሼ ሰይድ ከአጠገባቸው፣ እኔ ከአባቴ ጎን በሞተሩ ክዳን ላይ ተቀመጥን። ክዳኑ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛው የወገራ አየር በመስኮት ሲገባ ከስር የሚሞቅ መቀመጫ እንዴት ደስ ይላል! ዞር ስል በጋቢናው ጀርባ ባለችው ትንሽ የመስኮት መስተዋት የብረቶቹ ጫፍ ይታየኛል። ከጋቢናው ጀርባ ያለው መከላከያ የታችኞቹን ይሸፍናል፤ የላይኛዋ ብረት ከመከላከያው በላይ ናት፣ ጫፏም ልክ በአባቴ ማጅራት ትይዩ ነው። ከመስተዋቱ አንድ ክንድ ትርቃለች። ይህንንም እንደ ልማዴ ለካሁት።

የኮሶዬን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ አንድ ነገር ያዘ። ከኋላችን ሲያንቋርር የመጣው የላይኛው ሰንሰለት ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ቂጭ ቂጭ አለ፤ ቆይቶ ዝም አለ። ዞሬ አየሁ። ብረቷ ገና በቦታዋ ናት። ግን ኪሴ ውስጥ ያለችው ጎማ ያን ጊዜ ከበደችኝ። ግድ የለም አልሁ ለራሴ፤ አምባ ጊዮርጊስ እንቆማለን። አባቴ ሲመታው ዝም ይለዋል፣ ያጠብቀዋል። እኔም በዚያ መሃል ጎማዋን ማኪናው ስር እጥላለሁ፣ ወድቃ ተገኘች ይባላል።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ገበያ ነው፤ አህያው፣ ድንቹ፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ። አያ ወርቁ አንገታቸውን አስግገው ፀሐይቱን አዩና “ልጄ፣ አፈር ሳትለብስ እደርስ ይሆን?” አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

ጋሼ ሰይድ “ታከለ፣ አንተ ሞተር ሳታጠፋ እኔ ወርጄ ሰንሰለቱን ልምታው” አለ።

“ቀብር የሚደርስ ሰው አሳፍሬ መንገድ ላይ ቆሜ ብረት ልደብድብ?” አለ አባቴ። “ነውር ነው። ዳባት እናየዋለን።”

እናም አለፍን። ከአገራችን ደንብ ይህ ትልቁ ነው፤ ለቀብር የሚሮጥ ሰው አይዘገይም። አባቴ በዕድሜው ያን ቦታ ሳይቆም ያለፈው ያን ቀን ብቻ ነው። የገበያው ሰው ወደ ኋላችን ሲቀር ልቤ ከማኪናው ወርዶ እዚያው የቀረ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እኔ ወደ ፊት አላየሁትም። እያንዳንዷ ጉድጓድ ስታንገጫግጨን፣ አባቴ ፍሬን በነካ ቁጥር ዞሬ እለካለሁ። ክንድ የነበረው ስንዝር ተኩል ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ስንዝር። ማንም አላየም፤ እነሱ ወደ ፊት ያያሉ፣ የጎኖቹ መስተዋቶችም መሃሉን አያሳዩም። አያ ወርቁ ስለ እህታቸው ያወራሉ፤ በልጅነታቸው እንዴት አዝላ እንዳሳደገቻቸው። ጋሼ ሰይድ “አላህ ያጽናዎት አያ” ይላል። ልጅ በታላላቅ ሰዎች ጨዋታ፣ ያውም በለቅሶ ጨዋታ አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት። አባቴ መትቶኝ አያውቅም። ግን በማኪና ነገር ሲቆጣ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። “አባዬ” ልል አፌን እከፍታለሁ፤ መልሼ እዘጋዋለሁ። ሽንቴ መጣ። እጄ ኪሴ ውስጥ ጎማዋን ጨብጧል። የአባቴን ማጅራት አየሁ፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሁለት መስመር ያለው፣ የማውቀው ማጅራት። ከኋላው ብረቷ መስተዋቱ ጋ ለመድረስ አራት ጣት ቀርቷታል።

ከፊታችን ወደ ወንዝ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ታየኝ። አባቴ ማርሽ ሊቀይር እጁን ሲያሳርፍ ጎማዋን አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኋት።

አየት አደረጋት።  ወዲያው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

“ከየትኛው ነው?” አለ ቀስ ብሎ።

“ከላይኛው።”

“ምን ያህል ቀራት?”

ዞሬ ለካሁ። “ሦስት ጣት።”

ቁልቁለቱን ጀምረነዋል። ፍሬን ቢይዝ ብረቷ ትመጣለች፤ ባይዝ ማኪናው ይሸሻል። ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ጣለው፣ ሞተሩ እንደ አውሬ አገሳ። “ሰይድ፣ ልጅቷን ይዘህ ከመቀመጫው ስር ውረድ። አያም ዝቅ ይበሉ። ብረት መጥቶብናል” አለ። እሱ ራሱ ግን ዝቅ ማለት አይችልም፤ መሪ ይዟል። ጋሼ ሰይድ በአንድ እጁ አንስቶ ወለሉ ላይ ጣለኝና በደረቱ ሸፈነኝ። “ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ” ሲል ልቡ በጀርባዬ ይመታል። እኔ የሚታየኝ የአባቴ እግር ብቻ ነው፤ ከፍሬኑ በላይ አየር ላይ የተንጠለጠለ፣ ልርገጥ አልርገጥ የሚል እግር።

አያ ወርቁ ዝቅ አላሉም። ከፊታችን ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችና አህዮች መንገዱን ይዘውታል። ክላክሱ ይጮሃል፤ ሰዉ የጭነት ማኪና እንደ ሁልጊዜው ይቆምልናል ብሎ ይዝናናል። ሽማግሌው በመስኮት እስከ ወገባቸው ወጡ። የለቅሶ ኩታቸውን ገፍፈው እያውለበለቡ “ልቀቁ! ልቀቁ! አይቆምም! ምነው አትሰሙም፣ ማኪናው አይቆምም!” ይላሉ። የአህያ ጩኸት፣ የሴት ኡኡታ፣ ጠጠር ሲፈናጠር ሰማሁ። አንዴ ብቻ ያ የአባቴ እግር ፍሬኑን ነካ አደረገ። ከላያችን ቋ! አለ። የመስተዋት ስብርባሪ በጋሼ ሰይድ ጀርባ ላይ ረገፈ። አባቴ “ወይኔ” አላለም።  ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ቀና ብዬ እንዳላይ ጋሼ ሰይድ ጭንቅላቴን ተጭኖታል፣ እኔም ማየት አልፈለግሁም።

ከዚያ ወደ ፊት ሲገፋኝ የነበረው ቁልቁለት ቀርቶ ወደ ኋላ ይስበኝ ጀመር። ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ ጀምረን ኖሯል። ዳገቱ ራሱ ፍሬን ሆነን፤ ማኪናው እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ቆመ። ጋሼ ሰይድ ማኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ታኮ ይዞ ዘለለ። እኔ ቀና አልሁ። ብረቷ መስተዋቱን ሰብራ ገብታለች። አባቴ ደረቱን መሪው ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ነድቶ ነበር፤ ጫፏ በጆሮውና በትከሻው መካከል ቆማለች። ጆሮው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ደም አለች። ሌላ ምንም የለም።

አባቴ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ሲጋራ ሊያቀጣጥል ሦስት ክብሪት ሰበረና ተወው። ጋሼ ሰይድ ጭነቱን ዞሮ አይቶ መጣ። ሰንሰለቱ ጎማ በሌለበት ማዕዘን ተንሸራትቶ ላልቷል፤ ቀበቶውን የብረቷ ጠርዝ ሞርዶ ሞርዶት ሦስት ጣት የማይሞላ ክር ቀርቷል። ያቺ ክር ነበረች የያዘችን። ብረቷን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ከማሳው የመጡ ገበሬዎች በባሕር ዛፍ እንጨት እየፈነቀሉ ረዱን፤ ፀሐይቱ አዘቀዘቀች። አያ ወርቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ዳባት አቅጣጫ ያያሉ። የእህታቸው ቀብር አመለጣቸው። ይህን ሳስብ ማልቀስ ጀመርሁ። ጠሩኝና ራሴን ዳሰሱት። “ተይ ልጄ” አሉኝ፣ “ለአንድ ቀብር ስሮጥ አራት ልጨምር ነበር። እሷም ብትሰማ ትስቅብኛለች፤ ችኩል ነህ ትለኝ ነበር።”

አባቴ የጠበቅሁትን ያህል አልተቆጣም። ጎማዋን ይዞ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

“ስንት ነበሩ?”

“ስምንት።”

“ስትወስጂ ስንት ቀሩ?”

“ሰባት።”

“ቆጥረሽ ነዋ የወሰድሽ።” ጎማዋን በመዳፉ ላይ ገልበጥ አድርጎ “አምባ ጊዮርጊስን ሳልቆም ያለፍሁት ግን እኔ ነኝ። ያን አንቺ አልወሰድሽብኝም” አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎማዋን በእጄ በቦታዋ እንዳስገባት አደረገኝ። አጠበቁ። ከዚያ ዘንጉን ሰጠኝ። አራቱንም መታሁ። አራቱም ጮኹ፤ የላይኛው እንደ ጠዋቱ እንደ ደወል ሳይሆን ደፈን ባለ፣ በወፍራም ድምፅ። “ለየሽው?” አለኝ። ለይቼዋለሁ።

ዳባት ስንደርስ አባቴ ከአያ ወርቁ ጋር ለቅሶ ቤት ገባ። ደጁ ላይ ቆሜ ሰማሁት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ወንድሟን ከቀብሯ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ጭነቴን ሳላይ ነድቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ” አለ። የእኔን ስም አላነሳም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም፣ ለእናቴም አላነሳም።

ደባርቅ አክስቴ ቤት ጥሎኝ በማግሥቱ ሊማሊሞን ሊወርድ ሄደ። ሦስት ቀን አልተመለሰም። ያን ሦስት ቀን የደባርቅ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አጥር ተደግፌ መንገዱን ሳይ ዋልሁ፤ በቅጡ አልተኛሁም፣ በቅጡም አልበላሁም። በአራተኛው ቀን ባዶ ማኪናውን እያንጓጓ መጣ። ወርዶ ከኪሱ ጎማዋን አወጣና “ብረቱ ወርዷል። አሁን ብትወስጃት ማንንም አትጎዳም” ብሎ ሰጠኝ። ወሰድኋት፤ አንድ ቀን ግን አልተጫወትሁባትም።

በቀጣዩ መስከረም፣ እናቴ ወንድ ልጅ ታቅፋ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴን ይዤ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥሁ። አባቴ ሲያመነታ የገፋፋው ጋሼ ሰይድ ነው። “ጣት ቆጥራ ያተረፈችንን ልጅ ቁጥር እንኳ አናስተምራትም?” ብሎት።

ዛሬ እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው። አያ ወርቁም ጋሼ ሰይድም አልፈዋል። ባለፈው ሰሞን ጎንደር ፒያሳ መጽሐፍ ልገዛ ወጥቼ ብረት ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ማኪና ቆሞ አገኘሁ። ማሰሪያው ዘመናዊ፣ ቢጫ ቀበቶ ነው፤ ጥርስ ባለው ማጥበቂያ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠብቅ። ሰንሰለትም አለው። እግሬ ሳላዘው ወሰደኝና ማዕዘን ማዕዘኑን ማየት ጀመርሁ። ሾፌሩ ከስልኩ ቀና ብሎ “እትዬ፣ ምን ጠፋብሽ?” አለኝ። “ጎማ” አልሁት። ሳቀ፤ ግን ወርዶ አሳየኝ፤ ከእያንዳንዱ ማዕዘን ስር የጎማ ቁራጭ ነበረ። ቆጠርኋቸው። ከዚያ በጃንጥላዬ እጀታ አንዱን ሰንሰለት መታሁት። ጮኸ። መንገደኛው ቆሞ አየኝ፤ አላፈርሁም። “አምባ ጊዮርጊስ ስትደርስ ደግመህ ምታው፣ ማንንም ብታሳፍር” አልሁት። “እሺ እናቴ” አለኝ፣ እንደ ቀልድ ይዞት።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት። አሁን አይሰማም፤ ያ ሰንሰለት የሚለይ ጆሮው ደንቁሯል፣ የጫፉ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ስጮህበት ስላልገባው አጭሩን ዘንግ አምጥቼ የብረት አልጋውን እግር መታሁት። መዳፉን በአልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ንዝረቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። እኔም፣ እንደዚያን ቀን ጠዋት፣ ፊቱን አየሁ።

“ብረቱ ተቀምጧል” አለ፤ እጄን ያዘኝ።